ለሳምንታት ቆማ የምትሰነብት ስፖርት መኪና፦ ባትሪዋ እንዳይወርድ የትኛው ዘዴ ይሻላል?

ወር ሙሉ ሸራ ለብሳ የቆመች መኪና ቁልፏ ሲዞር ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም «ጠቅ ጠቅ» ብቻ ካሰማች ባትሪው ወርዷል። ሞተሪኖውን ለማገናኘት የሚበቃ ኃይል አለ፣ ሞተሩን ለማዞር የሚበቃው ግን የለም። ሞተሪኖው መሳብ ሲጀምር ቮልቱ ይወድቃል፣ ማገናኛው ይለቅቃል፣ እንደገና ይይዛል። ጣጣው ደግሞ በዚያ ዕለት አለመነሳቷ ብቻ አይደለም። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ወርዶ በቆየ ቁጥር ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት ይጠነክራል፤ በኋላ ቢሞላም የቀድሞውን ያህል አይዝም። ብርድ ባለበት ቦታ ደግሞ የባሰ ነው። የሞላ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ ላይም በረዶ አይሆንም፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች 7 እስከ 10 ዲግሪ ላይ በረዶ ሆኖ ሊሰነጠቅ ይችላል።

መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ብዙ ነው፦ ማቆያ ቻርጀር፣ የባትሪ ማቋረጫ፣ ሶላር፣ በየሳምንቱ መንዳት፣ ወደ ሊትየም መቀየር። እያንዳንዱ በቦታው ጥሩ ነው። ያለቦታው ግን ገንዘብ ይበላል፣ አንዳንዱም ባትሪውን ራሱን ይገድላል። ስለዚህ ዕቃ ከመግዛት በፊት መኪናዋን ማወቅ ይቀድማል።

## ተኝታ ስንት ትስባለች?

የተቆለፈች መኪና ተኛች እንጂ አልጠፋችም። አላርሙ፣ የሪሞት ቁልፍ ተቀባዩ፣ ሰዓቱና የኮምፒውተሮቹ ማስታወሻ ሌት ተቀን ከባትሪው ይስባሉ። ከተቆለፈች በኋላ በ20 እና በ40 ደቂቃ መካከል ኮምፒውተሮቹ ይተኛሉ፤ ከዚያ ወዲያ ጤነኛ መኪና የምትስበው ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፒር ነው።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ግን 50 ሚሊአምፒር በ24 ሰዓት 1.2 አምፒር-ሰዓት ነው፤ በ30 ቀን 36። የ70 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ግማሽ ሄደ ማለት ነው። በአጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ መኪና ባትሪዋ አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶ ገደማ ብቻ ሞልቶ ነው የምትቆመው፤ ያኔ በወሩ መጨረሻ የሚተርፈው 20 አምፒር-ሰዓት ነው። ባትሪው አራት አምስት ዓመት ካገለገለ ደግሞ 70 ተብሎ የተጻፈበት ዛሬ 70 አይዝም። በኋላ የተገጠመ የጂፒኤስ መከታተያ 30 ሚሊአምፒር ቢጨምር ሒሳቡ ከወር ወደ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይወርዳል።

ስለዚህ መለካት ግድ ነው። ቴስተሩን 10 አምፒር ላይ ያድርጉ፤ ቀዩ ገመድ 10 አምፒር የሚለው ቀዳዳ ውስጥ ይግባ። ኮፈኑ እንደተከፈተ የኮፈኑን ማቀፊያ በካቻቪቴ ገፍተው ወደ ተዘጋ ቦታው ያዙሩት፤ ይህን ካላደረጉ መኪናዋ «ክፍት ነኝ» ብላ አትተኛም። መኪናዋን ይቆልፉ። አሁን አንዱን መንኪያ የኔጋቲቭ ገመዱ ተርሚናል ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ፖል ላይ አጥብቀው ይያዙና ተርሚናሉን ያውጡት። ኃይሉ ሳይቋረጥ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል፤ ለአፍታ ከተቋረጠ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ነቅተው ቆጠራውን እንደ አዲስ ይጀምራሉ። 40 ደቂቃ ይጠብቁና ያንብቡ። በዚህ ጊዜ ማንም በር እንዳይከፍት፣ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር፤ ሞተሪኖ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ስለሚስብ የቴስተሩ ቫልቮላ ወዲያው ይቃጠላል። ሲጨርሱ መጀመሪያ ተርሚናሉን ይመልሱ፣ ከዚያ መንኪያዎቹን ያንሱ፤ ኮፈኑን ከመዝጋትዎ በፊትም የገፉትን ማቀፊያ በማስለቀቂያው መልሰው ይክፈቱት፣ አለዚያ ብረት ከብረት ይጋጫል። ሚሊአምፒር የሚያነብ የዲሲ ክላምፕ ሜትር ያለው ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፣ ገመዱን ማቀፍ ይበቃዋል።

ንባቡ ከ80 ሚሊአምፒር ካለፈ ከታች ያለው ማንኛውም ዘዴ ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም፤ አንድ ያልተኛ ነገር አለ። የቫልቮላዎቹን ሁለት ጫፍ በሚሊቮልት እየለኩ የትኛው መስመር እንደሚስብ ይፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው በኋላ የተጨመረ ዕቃ ነው፦ ካሜራ፣ ማጉያ፣ መከታተያ። ወይም ቁልፉ ራሱ። ያለ ቁልፍ የምትከፈት መኪና ቁልፉ ከግድግዳ ማዶ 3 ሜትር ላይ ከተሰቀለ ደጋግማ ልትነቃ ትችላለች። ከ10 ሜትር በላይ ያርቁት።

## መመዘኛዎቹ

ከመምረጥዎ በፊት እነዚህን ይመልሱ። መኪናዋ የምትቆምበት ቦታ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ? ለስንት ሳምንት ነው የምትቆመው? ባትሪው ተራ አሲድ ነው፣ ኤጂኤም (አሲዱ በመስታወት ጭረት ምንጣፍ ውስጥ ተመጥጦ የተያዘበት የታሸገ ባትሪ) ነው ወይስ ሊትየም? አላርሙና መከታተያው መሥራት አለባቸው?

ለስፖርት መኪና ደግሞ አንድ ልዩ ጥያቄ አለ፤ ብዙዎች የሚያስታውሱት ባትሪው ከሞተ በኋላ ነው። ባትሪው ያለበት ክዳን በምን ይከፈታል? የአብዛኞቹ ፖርሸ 911 ባትሪ ከፊት ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው። በ997 ትውልድ ክዳኑ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ባትሪው ሲሞት ባትሪው ጋ መድረስ አይቻልም። መፍትሔው ግራ በኩል ባለው የእግር ቦታ ያለው የቫልቮላ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ወደ ውጭ የሚሳብ ፖዘቲቭ መንኪያ አለ፤ በእሱ 12 ቮልት ሲገባ ክዳኑ ይከፈታል፣ ሞተር ግን በዚያ መስመር አይነሳም። የኮርቬት 6ኛ ትውልድ በሮቹ ራሳቸው በኤሌክትሪክ ነው የሚከፈቱት፤ ባትሪ ሲሞት መግቢያው የኋላው የቁልፍ ቀዳዳ ነው። የእርስዎ መኪና በእጅ የሚከፈትበትን መንገድ መመሪያ መጽሐፉ ላይ ዛሬውኑ ይፈልጉ፤ መጽሐፉንም ሆነ መለዋወጫ ቁልፉን መኪናዋ ውስጥ አይተዉ።

መለኪያ ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፤ ባትሪው ሌሊቱን ካረፈ በኋላ ተራ አሲድ ባትሪ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ካሳየ፣ ኤጂኤም ደግሞ 12.8 እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሞልቷል። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ገደማ ነው። የማንኛውም ዘዴ ፈተና ባትሪውን ከ12.4 በታች አለማድረስ ነው።

## ማቆያ ቻርጀር

ሶኬት ካለ ክርክሩ እዚህ ያበቃል ማለት ይቻላል። ጥሩ ማቆያ ቻርጀር ባትሪውን እስከ 14.4 ወይም 14.7 ቮልት ይሞላና ሲሞላ ራሱን ወደ 13.6 ቮልት አካባቢ ዝቅ ያደርጋል፤ መኪናዋ የሳበችውን ብቻ እየተካ ወራት መቀመጥ ይችላል። አላርሙ ይሠራል፣ ምንም ማስታወሻ አይጠፋም።

መጠንቀቅ ያለበት «ቀስ ብሎ የሚሞላ» ተብሎ ከሚሸጠው፣ መቆጣጠሪያ ከሌለው አሮጌ ዓይነት ነው። እሱ ባትሪው ሞላ አልሞላ መስጠቱን አያቆምም፤ በሳምንታት ውስጥ ውሃውን ያፈላዋል፣ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝም በተዘጋ ጋራዥ አደገኛ ነው። ባትሪው ሲሞላ ቮልቱን ዝቅ የማያደርግ ቻርጀር ለዚህ ሥራ አይገዛም።

ስንት አምፒር? የሞላ ባትሪ ለማቆየት 1 አምፒር ይተርፋል። ግማሽ የወረደ የ70 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ለመሙላት ግን በ1 አምፒር ሁለት ቀን ገደማ ሲፈጅ በ5 አምፒር አንድ ሌሊት ይበቃል። ሁለቱንም ሥራ ለሚፈልግ 4 ወይም 5 አምፒር ይሻላል። የኤጂኤም ባትሪ ላይ የኤጂኤም ምርጫ ይጫኑ። ከ15 ቮልት በላይ የሚሄደውን የ«ማደስ» ምርጫ ባትሪው መኪናዋ ላይ እንዳለ አይጠቀሙ።

አገጣጠሙ ላይ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው፣ ኔጋቲቭ ፖሉ ላይ የባትሪ ሴንሰር ባላቸው መኪኖች የቻርጀሩን ጥቁር መንኪያ በቀጥታ ፖሉ ላይ ማሰር ነው። ሴንሰሩ የሚቆጥረው በእሱ ያለፈውን ብቻ ስለሆነ፣ መኪናዋ ባትሪው እንደሞላ አታውቅም። ጥቁሩን ቦዲ ላይ፣ ለዚሁ በተዘጋጀው የማሳ (የኔጋቲቭ ማገናኛ) ብሎን ላይ ይሰሩ። ሁለተኛው የሲጋራ ሶኬት ነው፤ በብዙ መኪኖች ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ ቻርጀሩ ተሰክቶ መብራቱ ቢበራም ባትሪው ምንም አያገኝም። የተሻለው ቫልቮላ ያለው አጭር ቋሚ ገመድ ባትሪው ላይ አስሮ ጫፉን በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ ማውጣት ነው። ጫፉ በሾፌሩ በር በኩል ቢሆን ደግሞ ገመዱን ሳይነቅሉ የመንዳት ዕድል ይቀንሳል።

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ቻርጀር ሲመርጡ አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ በራሱ ይቀጥላል ወይስ ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል? ሁለተኛው ዓይነት ከመጀመሪያው መቆራረጥ በኋላ ግድግዳ ላይ የተሰካ ጌጥ ነው። ሲገዙ ራስዎ ሶኬቱን ነቅለው መልሰው ይሞክሩት።

## ኔጋቲቩን መንቀል

ሶኬት በሌለበት ቦታ ከሁሉ የሚታመነው ይህ ነው። ወጪውም ባለ 10 ቁጥር መፍቻ ነው፤ ጥቂት መኪኖች ሌላ ቁጥር ይፈልጋሉ። ነቅለው ሲተዉት የሚቀረው ባትሪው በራሱ የሚያጣው ብቻ ነው፦ በ25 ዲግሪ አካባቢ ኤጂኤም በወር ከ1 እስከ 3 በመቶ፣ ተራ አሲድ ከ4 እስከ 6 በመቶ። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ይህ በእጥፍ ያድጋል። ሞልቶ የተነቀለ ጤነኛ ባትሪ ሦስት ወር በሰላም ይቆያል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ሞተር ካጠፉ በኋላ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ማቀዝቀዣ ፋኑና የኮምፒውተሮቹ መዝገብ ሥራቸውን ይጨርሱ። ሁልጊዜ ኔጋቲቩን ያስቀድሙ፤ ፖዘቲቩን ቀድመው ሲፈቱ መፍቻው ቦዲ ከነካ የእሳት ብልጭታው መፍቻውን ከብረቱ ይበይደዋል። የተፈታውን ተርሚናል በጨርቅ ጠቅልለው ራቅ አድርገው ያስሩት፣ ተንሸራቶ እንዳይመለስ። የመኪናዋ ክዳን በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ሳይቆልፍ ጨርቅ አስገብተው ይተዉት።

የብዙ ስፖርት መኪኖች በሮች መስታወታቸው ፍሬም የሌለው ስለሆነ አንድ ጥንቃቄ ይጨምራል። በሩ ሲከፈት መስታወቱ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ይላል፣ ሲዘጋ ተመልሶ ከፍ ብሎ ከማሸጊያ ጎማው ሥር ይገባል። ኃይል ከሌለ ይህ አይሆንም፤ መስታወቱ በጎማው ላይ እየተጋፋ ይዘጋል፣ ጎማው ይቀደዳል፣ አልፎ አልፎም መስታወቱ ይሰነጠቃል። ባትሪውን ከመንቀልዎ በፊት መስታወቶቹን ጣት የሚያስገባ ያህል ዝቅ አድርገው ይተዉ። የኤሌክትሪክ እጅ ፍሬንም ያለ ኃይል አይለቅም፤ መኪናዋን መግፋት ካስፈለገ አስቀድመው ይልቀቁትና ጎማዎቹ ሥር ታኮ ያድርጉ።

የሚጠፋውም አለ፦ ሰዓት፣ የመስታወት አውቶማቲክ፣ በአንዳንድ መኪና የሬዲዮ ኮድ፣ በኮምፒውተሩ የተያዙ የጭስ ምርመራ ውጤቶች። ተመልሶ ሲታሰር ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ ገባ ሊል ይችላል፣ ይማራል። አላርሙና መከታተያው ግን ይጠፋሉ፤ መንገድ ዳር ለሚቆም መኪና ይህ ብቻ ዘዴውን ሊጥለው ይገባል። የኢንሹራንስ ውሉ መከታተያ እንዲሠራ የሚያስገድድ ከሆነም እንዲሁ።

በየጊዜው መፍቻ መያዝ የሰለቸው ሰው የሚሽከረከር ወይም የቢላ ቅርጽ ያለው ማቋረጫ ኔጋቲቩ ላይ ይገጥማል። የሞተሪኖውን አምፒር የሚችል ወፍራም ናስ ይሁን፤ ርካሹ በአንድ ዓመት ይላላል፣ ይግላል። ጎኑ ላይ ትንሽ ቫልቮላ ያለበት ዓይነት «ማስታወሻ ይጠብቃል» ተብሎ ይሸጣል። ይጠብቃል፣ ግን ያንኑ 50 ሚሊአምፒር እያሳለፈ ስለሆነ ባትሪውን አያድንም፤ ለሌባ መከላከያ ካልሆነ ለዚህ ሥራ አይረባም።

## ሶላር

ሳጥኑ ላይ ያለውን ዋት ማመን አይገባም። ባለ 10 ዋት ፓኔል በጥሩ ፀሐይ 0.6 አምፒር ገደማ ይሰጣል፤ በቀን 4 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 2.4 አምፒር-ሰዓት። በፊት መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ ግን ዘንበል ብሎ አይቀመጥም፣ መስታወቱም ይበላዋል፤ ግማሽ ቢደርስ ጥሩ ነው። እሱ 1.2 ነው፣ 50 ሚሊአምፒር የምትስብ መኪና የምትፈልገውን ልክ በልክ። ባለ 5 ዋቱ እዚያ አይደርስም። ሙቀት የሚመልስ ሽፋን ያለው መስታወት ደግሞ ከዚህም ይቀንሳል።

ስለዚህ ደጅ ለቆመች መኪና ከ10 ዋት በታች አይግዙ፤ ቢቻል 20፣ ከቻርጅ መቆጣጠሪያ ጋር። ገመዱ ከባትሪው ጋር ይታሰር። በኦቢዲ ሶኬት (የመካኒክ መመርመሪያ በሚሰካበት) የሚሰኩት አንዳንድ መኪኖችን እንዳይተኙ ያደርጋሉ፤ ሰክተው ከላይ እንደተገለጸው ይለኩ። ሸራ የለበሰች ወይም ጋራዥ ውስጥ ያለች መኪና ላይ ሶላር ምንም አይሠራም።

## በየሳምንቱ መንዳት

ከዚህ ሁሉ ለመኪናዋ ደስ የሚላት ይህ ነው፤ ጎማ አይጠፈጠፍም፣ የፍሬን ዲስክ አይዝግም። ነገር ግን የሚቆጠረው ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ 30 ወይም 45 ደቂቃ መንገድ ላይ ሲኬድ ብቻ ነው። ጋራዥ ውስጥ አሥር ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ከሁሉም የከፋ ልማድ ነው። ማስነሳቱ ራሱ ብዙ አይበላም፣ 200 አምፒር ለ2 ሰከንድ ከ0.1 አምፒር-ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ችግሩ በቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ወደ ዘይቱ ይወርዳል፣ ውሃ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይቀራል፣ ዲናሞውም በአሥር ደቂቃ የሳምንቱን አይመልስም። በብዙ አዳዲስ መኪኖች ዲናሞው ነዳጅ ለመቆጠብ ባትሪውን እስከ 80 በመቶ ብቻ ነው የሚሞላው።

## ሊትየም

ፖርሸ በ2010 ለ911 ጂቲ3 እና ለቦክስተር ስፓይደር በአማራጭ ያቀረበው የሊትየም ባትሪ ከ6 ኪሎ በታች ነበር፤ ከ60 አምፒር-ሰዓቱ የእርሳስ ባትሪ ከ10 ኪሎ በላይ ይቀላል። መጠኑ ግን 18 አምፒር-ሰዓት ነው፤ ለብርድ ወቅትም ተራው ባትሪ አብሮ ይሰጥ ነበር። 18ን ለ1.2 ያካፍሉት፦ 15 ቀን። ሊትየም ክብደት ለመቀነስ ይገዛል፣ ለመቆም አይደለም። በራሱ ብዙ ባያጣም መኪናዋ ትስበዋለች፤ ከወረደም መከላከያው ይዘጋዋል። ከዜሮ ዲግሪ በታች አይሞላም፣ ቻርጀሩም የሊትየም መሆን አለበት።

## ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ዘዴ | ሶኬት | የሚያቆየው ጊዜ | አላርም | ወጪ | ዋናው ድክመት |
|---|---|---|---|---|---|
| ማቆያ ቻርጀር | የግድ | ወራት | ይሠራል | መካከለኛ | መብራት ሲቆራረጥ የሚጠፋ ዓይነት አለ |
| ኔጋቲቩን መንቀል | አያሻም | 3 ወር ገደማ | ይጠፋል | የለም ማለት ይቻላል | መስታወትና በር፣ የሚጠፋ ማስታወሻ |
| ማቋረጫ | አያሻም | 3 ወር ገደማ | ይጠፋል | ዝቅተኛ | ርካሹ ይላላል፣ ይግላል |
| ሶላር 10–20 ዋት | አያሻም | ፀሐይ እስካለ | ይሠራል | መካከለኛ | ጥላና ሸራ |
| በሳምንት መንዳት | አያሻም | እስከተነዳ | ይሠራል | ነዳጅና ጊዜ | አጭር ጉዞ አይቆጠርም |
| ሊትየም | ለብቻው አይበቃም | 2 ሳምንት ገደማ | ይሠራል | ከፍተኛ | አነስተኛ መጠን፣ ብርድ |

## ለማን የትኛው?

ሶኬት ያለው ጋራዥ ካለ፣ ሁለት ሳምንትም ይሁን አምስት ወር፣ ማቆያ ቻርጀር ይግዙ፤ ሌላ ማወዳደር አያስፈልግም።

ሶኬት በሌለው ግን በሚቆለፍ ጋራዥ ከሦስት ሳምንት በላይ የምትቆም ከሆነ ባትሪውን ሞልተው ኔጋቲቩን ይንቀሉ። በየወሩ የምትቆም ከሆነ ማቋረጫ ይግጠሙ። ከሦስት ወር ካለፈ ባትሪውን አውጥተው ሶኬት ያለበት ቦታ በቻርጀር ያቆዩት። ኤጂኤም 20 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ከጥልቅ ዕቃ መጫኛ ሲያወጡ ወገብዎን ይጠብቁ። ባትሪው ከኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሆነ መኪና፣ ለምሳሌ የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ ሲመለስ የጋዝ ማውጫ ቱቦውን መልሰው ይሰኩ።

ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ አላርም መሥራት አለበት ከተባለ ባለ 20 ዋት ሶላር ነው ያለው ምርጫ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቮልቱን ማየት ግን አይቀርም።

ለአሥር ቀን ብቻ ከሆነ፣ ባትሪው ጤነኛ ሆኖ ንባቡ ከ50 ሚሊአምፒር ካልበለጠ፣ ምንም አይግዙ። ሞልተው ያቁሟት፣ ቁልፉን ያርቁ።

የኪስ ማስነሻ ፓወር ባንክ ጥሩ መጠባበቂያ ነው፣ መከላከያ ግን አይደለም። የሚያነሳው ባትሪው ከተጎዳ በኋላ ነው። ካለዎት ቤት ያስቀምጡት፤ በኤሌክትሪክ ክዳን ሥር ከተቆለፈ የሚያስፈልግበት ዕለት አይደረስበትም። በእሱ ካስነሷትም በኋላ ዲናሞውን አይመኑ፤ ባትሪውን የዚያኑ ዕለት በቻርጀር እስከ መጨረሻው ይሙሉ፣ ነቅለው ሌሊቱን ያሳርፉትና ጠዋት ይለኩ። ከ12.4 በታች ከሆነ ሊቀየር ደርሷል።